ምድር ቤት ተቀምጠው ሐይቁን የዞሩት ሰውዬ

ሃሎ፣ እትዬ ዢስሌን… ኤሎዋ ነኝ። እንዴት አደርሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ያ አያቴ የሰጠሽ ቅባት ትንሽ አሻለሽ? እሱማ ለጉልበትም ለበር ማጠፊያም ይሆናል ይላል፤ እንግዲህ መጀመሪያ የሞከረው የትኛው ላይ እንደሆነ እኔ እንጃ… እኔ ደህና ነኝ። ሥራ ላይ ነኝ፤ ጠዋት የሰው በር ላይ በረዶ ስጠርግ ጣቶቼ ደርቀው ቀሩና፣ እስኪሞቁ ድረስ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብዬ መልእክት ልተውልሽ አልኩ። ብርዱንስ አየሽው? አፍንጫዬን ከትናንት ጀምሮ አላገኘኋትም። ቦታዋ ላይ መሆኗን የማውቀው ስታንጠባጥብ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ለአዳራሹ እራት ያመጣሽው ቱርቲየር ደግሞ፣ ያ ሥጋ የታጨቀበት ቂጣሽ… እጅሽን ይባርከው። አባ ራሳቸው ሦስተኛውን ሲያነሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። እንዳይቆጥሩት መሰለኝ።

መቼም አሁንም ሊጥ ላይ ነሽ፣ አውቃለሁ። እጅሽ ሊጥ ሲሆን ስልኩን ጮክ አድርገሽ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጪዋለሽ አይደል? ተይው፣ አትቀንሺው። አጠገብሽ ቁጭ ብሎ እንቁላሉን የሚበላ ሰው ካለም ይስማ፤ ምን ምስጢር አለኝ? የማወራው እኮ ስለ ሌላ ሰው ነው። አንቺ አታውቂያቸውም።

አንድ ትልቅ ሰው አሉ። ስማቸውን አልጠራውም፤ ከባድ ስም ነው፣ በባዶ ሆድ አይቻልም። እኒህ ሰው፣ እትዬ፣ ጀግና ናቸው። በዚያ ዕድሜያቸው! በዚህ ብርድ! የኛን ነገር ታውቂው የለ? በረዶው ሲወድቅ ሽማግሌው ሁሉ ሳይክሉን ምድር ቤት ያወርድና፣ የኋላ ጎማውን ማቆሚያ ብረት ላይ አስሮ ባለበት ይነዳል። ፔዳሉ ላይ የምትታሰር ትንሽ ቆጣሪ የነዳውን ለስልኩ ትልካለች፤ ሁላችንም ስልካችን ላይ እናየዋለን። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ያለው የሐይቁ ካርታ ላይ የእያንዳንዱ ፎቶ ወደፊት ይገፋል። ሐይቁን ቀድሞ የዞረ ሰው ደግሞ፣ በሰኔ እውነተኛው ጉዞ ሲወጣ ማን ከፊት እንደሚነዳ፣ ማን የሳንድዊቹ መኪና ውስጥ እንደሚቀመጥ እሱ ይወስናል። ከድሮ ጀምሮ ደንቡ ይሄ ነው፤ ማንም አይከራከርም።

እና እኒህ ሰው ገና ሳይነጋ ምድር ቤት ይወርዳሉ አሉ። በሩን ከውስጥ ይቆልፋሉ። ሐሳባቸው እንዳይበተን! ከዚያ ለሁላችንም ስልካችን ላይ ይልካሉ። «እኔ ተነስቻለሁ፣ አንተስ?» «አሁንም አልጋ ላይ ነህ?» አንዳንዴ ደግሞ የጡንቻ ሥዕል ብቻ። ጉልበቱን የሚያመው፣ ወገቡን የሚይዘው ሽማግሌ ሁሉ ይሄን እያየ ብርድ ልብሱ ውስጥ ያፍራል። ሰው እንዲህ ካልተነቃቃ በምን ይነቃቃል?

አዳራሹ ውስጥም አንድ እሁድ ንግግር አድርገውልን ነበር። «በበረዶው ወራት ሳንሰለች እንዴት እንነዳለን» ብለው። ያንን ጥብቅ ያለ ቁምጣ ለብሰው እኮ ነው የመጡት፣ ለቅዳሴ! ግብ ይኑራችሁ አሉ። ሙዚቃ ክፈቱ አሉ። ምቾት የምትወድ ነፍሳችሁን አትስሟት አሉ። አያቴ እጁን አወጣና፣ ልክ እንደ ተማሪ፣ «እኔ እግሬ ይንቀጠቀጣል፤ አንተ ግን እንዴት አድርገህ ነው በየቀኑ ይሄን ያህል የምትነዳው?» ብሎ ጠየቃቸው። ምን ቢሉት ጥሩ ነው? «ፍላጎት ነው ፌርናን። አንተ ፍላጎት የለህም።» እንዴት ያለ መልስ ነው! አጭር! በዚያ ላይ ዶናት እየበሉ።

ደግሞ የሚገርመኝ ምን መሰለሽ… ሌላው ሰው ብርዱን ሙሉ ሲነዳ ይከሳል። ጉንጩ ይገባል። እሳቸው ግን ወፈሩ! ስፖርቱ ተስማማቸው። ቀበቶአቸው ወደ ውጭ እየሄደ ነው። ሐኪሞቹ ይሄን ነገር ቢያጠኑት አይሻልም? ላብ የሚባልም አይነካቸውም። አያቴ ሲወርድ ሥሩ ያለውን ወለል በመወልወያ ነው የማደርቀው፤ የሳይክሉ መሪ ብሎን እንኳ በላቡ ዝጓል። የእሳቸው ሳይክል ግን… ሙሽራ ነው። ንጹሕ ሰው ናቸው፣ ምን ላድርግ።

ሚስታቸውስ ብትይ! ታድላ! «ከገና ወዲህ ልብስ ማድረቂያውን በእጄ ነክቼው አላውቅም፤ የላቡን ልብስ ራሱ ነው የሚያደርቀው፣ በየቀኑ» ብላ ለሴቶቹ ስታወራ ሰምቻለሁ። በየቀኑ! የትኛው ወንድ ነው በዚህ አገር እንዲህ የሚያደርገው? ደግ ሴት ናት፣ ልክ እንዳንቺ። እሷ ላይ አንዲት ቃል የለኝም። ይሄን ያዢልኝ፣ እትዬ። አንዲት ቃል።

አያቴን ደግሞ ታውቂዋለሽ። በመስከረም ልቡን ከፍተው ሲሰፉት ሆስፒታል ሾርባ ያመጣሽለት አንቺ ነሽ። ሐኪሙ ምን አለው? «ይሄን ብርድ ቁጭ ብለህ ካሳለፍከው፣ ለበጋው እኔ ኃላፊነት አልወስድም።» እና እንዴት እንደሚነዳ ልንገርሽ? ሙዚቃ አይደለም የሚከፍተው። የድሮ የሆኪ ጨዋታ፣ ከሬዲዮ በካሴት የቀዳውን ነው። ማን እንዳሸነፈ እኮ ያውቃል! ግብ ጠባቂው ከሞተ ቆይቷል! እሱ ግን የመጨረሻው ክፍል ሲጀምር መቀመጫው ላይ ብድግ ይላል። አንዳንድ ቀን ደግሞ መውረድ ያቅተዋል። ደረጃው ላይ ጫማውን ይዞ ቁጭ ይልና «ኤሎዋ፣ ዛሬስ አቅም የለኝም» ይለኛል። እኔም «እሺ ተወው፤ ካሴቱን ግን እኔ ልስማው» ብዬ እከፍተዋለሁ። ብዙም አይቆይ፣ «አንተ ማዳመጥ አትችልም፣ ዳኛው ያበላሸውን እንኳ አልሰማህም» እያለ እየተቆጣኝ ሳይክሉ ላይ ይወጣል።

ሌላም አለ። ካርታው ላይ የት እንደደረሰ አንድ በአንድ ያውቀዋል። ነፋሱ ከሐይቁ ፊት ለፊት የሚመጣበት ቦታ ሲደርስ ምን ያደርጋል መሰለሽ? የጎማውን ማጥበቂያ በገዛ እጁ ያጠብቀዋል! ማንም ሳያየው! «አባባ፣ ምን ሆነህ ነው?» ስለው «እዚህ ጋ ነፋስ አለ» አለኝ። ምድር ቤት ውስጥ፣ እትዬ! ከማሞቂያው ጎን! እንግዲህ ካርታው ላይ ከሁሉ ኋላ የቀረው ለዚህ ነው። ነፋስ ይዞት።

እሁድ ዕለት ታዲያ እኒያ ሰው ዙሩን ጨረሱ። ተጨበጨበላቸው። እኔም አጨበጨብኩ፣ እጄ እስኪቀላ። ከዚያ ደንቡ ነውና ተነስተው አያቴ ትከሻ ላይ እጃቸውን ጣል አደረጉ። እንዲህ፣ በፍቅር። «ፌርናን፣ አንተ በሰኔ መኪናው ውስጥ ሁን። ሳንድዊች ታቀብለናለህ። ዕድሜህን ማወቅ አለብህ።» አያቴ ሳቀ። ሳቀ እኮ! እኔ ሲናደድ አውቀዋለሁ፣ ሲያለቅስ አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ሲስቅ ግን አይቼው አላውቅም። ቤት ስንገባ ኮቱን ሳያወልቅ ወረደና ሳይክሉ ላይ አንሶላ ጣለበት። ነጭ አንሶላ። ሬሳ እንደሚሸፈነው። ከዚያ ወዲህ ካሴትም የለም፣ ነፋስም የለም። መስኮቱ ጋ ቁጭ ብሎ በረዶ ሲወርድ ያያል…

አልተናደድኩም! ማን ተናደደ? ድምፄ ነው እንዲህ፤ ሞተሩ ስለሚጮህ ነው የምጮኸው!

…ይቅርታ። እሺ። የት ነበርኩ? አዎ፣ ቅዳሜ። ቅዳሜ ዕለት አንዲት ደግ ሴት «ኤሎዋ፣ በጓሮው በር ግባና ከምድር ቤቱ ፍሪዘር ቱርቲየሮቹን አውጣልኝ፤ የውስጡን በር ቆልፎታል፣ እየነዳ ነው» አለችኝ። ስልኬን ሳየው እውነትም እየነዱ ነው። እየበረሩ! ሐይቁን በማዶ በኩል እየጠቀለሉት ነው። ድምፁም ይሰማል… ዉርርር… ዉርርር። ላለመረበሽ ብዬ ቀስ ብዬ ገባሁ።

እትዬ… አትሌቱ ሶፋ ላይ ናቸው። ብርድ ልብሱ እስከ አገጫቸው። አፋቸው ተከፍቷል። ለካ ተኝቶም የሚነዳ ሰው አለ! ሳይክላቸው ላይ የገና መብራቱ እስካሁን እንደተጠመጠመ ነው። ዉር የሚለው ልብስ ማድረቂያው ነው። ደርቆ ከሆነ ላውጣላቸው ብዬ ከፈትኩት… ፎጣ የለም። ሸሚዝ የለም። አንድ ካልሲ። አንድ ብቻ! ከሚሽከረከረው ሆዱ ጋር በፕላስተር ተለጥፎ። ውስጡ ጠንከር ያለች ነገር አለች፤ ያቺ ፔዳሉ ጋ ታስራ ዙር የምትቆጥረዋ። ብርድ መትቷት ይሆናል፣ ሊያሞቋት ፈልገው ነው… ሰው ክፉ ማሰብ የለበትም። በሩን ስከፍተው ስልኬ ላይ እሳቸው ቀጥ አሉ። ደነገጥኩ! ሰውየውን መሃል መንገድ ላይ ገትሬ ልሂድ? ዘጋሁና ቁልፉን ተጫንኩት። እንደገና መብረር ጀመሩ። እኔ እኮ ነኝ የገፋኋቸው! ምስጋና አልፈልግም። ቱርቲየሮቹን ይዤ እንዳይነቁ በሩን ቀስ አድርጌ ዘጋሁ።

እሁድ ታዲያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለምን ዝም አልክ ትይኛለሽ? አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ በእውነት። ብድግ ልል ስል ያቺን ደግ ሴት አየኋት። ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብላ፣ ያንን አረንጓዴ ሻርፕ አድርጋ፣ ከሁሉም በላይ የምታጨበጭበው እሷ ናት። ፊቷ እንዴት እንደበራ… ዋጥኩት። እስካሁን አልወረደልኝም።

አሁን ስሚኝ። ማንም የሚሰማ ካለም ይስማኝ። ለፊታችን እሁድ አባን አስፈቅጃለሁ፣ አዳራሹ ውስጥ ሁለት ሳይክል ጎን ለጎን ይቆማል። አንዱ የአያቴ፣ አንዱ የአሸናፊያችን። ውድድር አይደለም፣ ኧረ በፍጹም! ክብር ነው። ሕዝቡ ከጀግናው ይማር። አያቴን እንኳ ተሸክሜም ቢሆን አመጣዋለሁ። ካልተመቻቸው ደግሞ… ያው የሚደርቅ ልብስ ሊበዛባቸው ይችላል… ሌላም መንገድ አለ። ዛሬ፣ እንቁላላቸውን ሲጨርሱ፣ የአያቴን በር ያንኳኩ። ምድር ቤት ይውረዱና ያንን አንሶላ በገዛ እጃቸው ይግፈፉት። «ፌርናን፣ በሰኔ ከፊት የምትነዳው አንተ ነህ» ይበሉት። ለምን እንደሆነ መናገር የለባቸውም። ይሄን ካደረጉ እኔ ስለ ካልሲ የማውቀው ነገር የለም። ያቺ ሴትዮም አትሰማም። ከኔ አትሰማም።

ውይ! ቆይ፣ እትዬ… አሁን አንድ ቤት ፊት ለፊት ነው የቆምኩት፤ የማን ቤት እንደሆነ አልነግርሽም። የጎን ግድግዳው ላይ ካለችው የማድረቂያ ቀዳዳ ነጭ እንፋሎት እየወጣ ነው። ቡፍ… ቡፍ… እየነዱ ነው ማለት ነው! ቁርስ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠውም ይነዳሉ! እንዴት ያለ ትንፋሽ ነው፣ ግድግዳ የሚበሳ!

እሺ በቃ፣ ሥራ አስፈታሁሽ። በረዶሽን… የሰዎቹን በረዶ ማለቴ ነው፣ ጠርጌላቸው እሄዳለሁ። እንደ ሁልጊዜው። እኒያን ሰው ድንገት ካገኘሻቸው ከልቤ እንደመረቅኳቸው ንገሪያቸው። እኔ ለሰው ክፉ አልመኝም። እግዚአብሔር ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው። ያቺን እግራቸውን ደግሞ ይጠብቅላቸው… ይሄን ሁሉ ብርድ ሳይነኳት፣ ሳያደክሟት፣ አንዲት ጠብታ ላብ ሳያስነኳት ያሳለፏትን እግር… እንዳለች፣ ከነአዲስነቷ፣ ለልጅ ልጆቻቸው ያቆይላቸው። አሜን በይ፣ እትዬ። ጮክ ብለሽ።