ስማችንን ያስጻፈው መርከበኛ

የተከበሩ የመንደሩ አለቃ፣ የተከበሩ መጋቢ፣ የሟቹ የቪሊኬሳ ባለቤት እማማ ሊቲያ፣ ልጆች፣ ከየደሴቱ በጀልባ የመጣችሁ ዘመዶች። በወጋችን አለቃ ፊት ተቀምጦ ነው የሚነገረው። ጉልበቴ አልታጠፍ ስላለኝ ቆሜ እንድናገር ተፈቅዶልኛል።

የቪሊኬሳ መንደርና የእኔ መንደር ሰዎች ከአንድ አባት እንወለዳለን። እንዲህ ያሉ ሰዎች መሰዳደብ መብታቸው ነው፣ መቃብር አፋፍም ላይ ቢሆን። ስለዚህ አትደንግጡ። ቪሊኬሳ፣ አንተ ግትር ሸርጣን፣ ቀደምከኝ።

አሥራ ሦስት ነበርን። አሥራ ሦስት የፊጂ ልጆች፣ በአንዲት የጦር መርከብ ላይ፣ የገና ደሴት በምትባለው ደሴት አጠገብ። እንግሊዞች የሞከሩት የኑክሌር ቦምብ ሲፈነዳ እዚያ ነበርን። ጀርባችሁን ስጡ፣ ዓይናችሁን በመዳፋችሁ ሸፍኑ ተባልን። ሸፈንን። ብርሃኑ ግን ገባ። የገዛ ጣቶቻችንን አጥንት አየን። ከዚያ ሙቀቱ ጀርባችንን ገረፈው። መርከቢቱ ስትንቀጠቀጥ የሳቀው ማን ነው? ይሄ የተኛው ሰው ነው።

«ኤሮኒ፣ አጥንቴን አንድ በአንድ ቆጠርኩ» አለኝ። «አንተስ አጥንት አለህ ወይስ እንደ ጠረጠርኩት ትል ነህ?»

ከሰዓት በኋላ ዘነበ። ሳምንት ሙሉ በጨው ውኃ የታጠበ ሰው ዝናብ ሲያገኝ ምን ያደርጋል? ሸሚዛችንን አውልቀን ታጠብን። አፋችንን ከፍተን ጠጣን። እየዘመርን ጠጣን። የቦምቡ መርዝ አለበት፣ አትጠጡ ያለን አልነበረም።

ከዚያ በሽታው ተራ በተራ ይወስደን ጀመር። ሴሜሳን የደም በሽታ ወሰደው። አፔኒሳ ሦስት ሕፃናት ቀብሮ ራሱ ተከተላቸው። ሚስቶቻቸው ባሎቻችንን የገደለው ቦምቡ ነው ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ ባሕር ማዶ ካለ ቢሮ አንድ መስመር መልስ መጣ፦ «መርከቧ በዚያ ዕለት በአካባቢው አልነበረችም።»

እኔ ተውኩት። ጀልባ ወደ መጠገኑ ተመለስኩ። ነውሬ ነው፣ በፊታችሁ እናገረዋለሁ። እሱ አልተወም። «እዚያ ነበርን» እያለ ለዚያ ቢሮ ሠላሳ ዓመት ጻፈ።

ከአምስት ዓመት በፊት የመርከቢቱ የቀድሞ መኮንን ሊጠይቀን መጣ። አብዛኞቻችሁ ነበራችሁ። ቪሊኬሳ ተንበርክኮ የአባቱን የዓሣ ነባሪ ጥርስ አቀረበለት። ሰውየው የመታሰቢያ ስጦታ መሰለው። በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ ከቦርሳው ሊከተው ሲል ቪሊኬሳ እንዲህ አለው፦

«ጌታዬ፣ ልመናዬን ገና አልሰሙም።»

«የምን ልመና?»

«አሁን እሺ ያሉት። በእኛ ዘንድ ጥርሱን የተቀበለ እምቢ አይልም። እዚያ ነበሩ ብለው ይጻፉልን።»

«ባልጽፍስ?»

«ኤሮኒ ቤት ያድራሉ። የእሱን ወጥ አንዴ ከቀመሱ ይጽፋሉ።»

መንደሩ በሳቅ ወደቀ። መኮንኑ አልሳቀም። የዓሣ ነባሪውን ጥርስ ጉልበቱ ላይ አኖረው። ከዚያ «የዚያን ጊዜ ማስታወሻ ደብተሬ ቤቴ አለ» አለ። ለካ መርከቧ የቆመችበትን ቦታ በዚያው ዕለት በእጁ ጽፎ ኖሯል። ሰውየው ቃሉን ጠበቀ። ቢሮው አራት ዓመት አንገራገረ፤ ቪሊኬሳም አራት ዓመት ነዘነዘው።

ባለፈው ወር ደብዳቤው መጣ። መርከቧ እዚያ እንደነበረች ይላል። ከሥሩ አሥራ ሦስት ስም አለ። ሆስፒታል ሄጄ አነበብኩለት። ሴሜሳ አለ። አፔኒሳ አለ። የራሱ ስም ላይ ስደርስ «እሱን አውቀዋለሁ፣ እለፈው» አለ። የእኔ ላይ ስደርስ «ድገመው» አለኝ። ደገምኩት።

ለምን ታለቅሳላችሁ? ያሸነፈ ሰው ነው የምንቀብረው። እነዚህን ከፊት የተቀመጡትን ሚስቶች እዩአቸው። ከዛሬ ጀምሮ ባሎቻችሁ ዋሽተዋል የሚላቸው የለም።

ቪሊኬሳ፣ ግትሩ፣ ወንድሜ፣ በል እንግዲህ ሂድ። ቀድመውን የሄዱት አሥራ አንዱ ይጠብቁሃል። ስትደርስ መጀመሪያ ይህን ንገራቸው፦ ተጽፈናል።