ከነስሙ የመጣ ሁሉ ይግባ

ሠናይትዬ፣ ነይ እስቲ፣ ፀሐዩ ጋ ጠጋ በይ። የደብረ ብርሃን ብርድ ለአዲስ ሠራተኛ አይራራም። ሰላ ድንጋይም እንዲሁ ነው አልሽኝ? እንግዲያ ለምደሽዋል... ድምፅሽን ቀንሺ ነው የምትዪኝ? ምን ሲደረግ! የማወራው መልካም መልካሙን ነው፤ ማዳመጫ ሰክቶ ከኋላሽ የተቀመጠም ቢሰማ ደስ ይለዋል።

የስፌት ሥልጠና መመዝገቢያ ድረ ገጻችንን ማን እንደሠራው ነግረውሻል? እኔ ስም አልጠራም። ብቻ ኮከብ ያለው ሰው ነው... ሁለት ኮከብ! ሌላው ኮድ ጻፊ፣ አመልካች የላከውን እያየ ስሙንና ስልኩን ተቀብሎ የቀረውን ሲመልስ ይውላል። እሱ ኮዱ ላይ ሁለት የኮከብ ምልክት ጣል ያደርግና የመጣውን ሁሉ፣ ከነስሙ፣ መዝጋቢው የኮድ ክፍል፣ ፈንክሽኑ ውስጥ ይዘረግፈዋል። በአንድ መስመር! «ኧረ የምትቀበለውን ለይ» ብንለው፣ «እናንተ ኮድ ማስረዘም ትወዳላችሁ» አለን። እውነቱን ነው፤ ማን እንደ እሱ ያሳጥራል?

የደግ ቤት ልጅ ስለሆነ ነው። ሰርግ ላይ የዳሱን በር ቢሰጡት «የሙሽራው አጎት ነኝ» ያለውን ሁሉ ከፍ አድርጎ ያስቀምጣል። እውነተኛው አጎት? ውጭ ሆኖ ያጨብጭብ፣ ምን ቸገረው! በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባል የለ? በእሱ በር ግን ዝንቡም «ንብ ነኝ» ካለ ይገባል...

እናም አንዱ የጫጫ ከተማ ብልጥ፣ ከስምና ከስልኩ ጋር «ተፈቅዷል፦ አዎ» የሚል ጨምሮ ላከ። ያንን መሙላት የመራጩ ኮሚቴ ሥራ ነበር... ፈንክሽኑ ግን እንደ አሳዳጊው ነው፤ እንግዳ አይመልስም። ወዳጆቹም ሰምተው ተከተሉት። የስፌት ማሽኖቹ ሁሉ ተያዙ። ኮሚቴው ከተፈናቃዮች መጠለያ የመረጣት ፍቅርተ ልጇን አዝላ ብትመጣ፣ ቦታ የለም። ቤት ንብረቷን ጥላ የመጣች ሴት፣ ተስፋዋ ያቺ ማሽን ነበረች። በር ላይ ቆማ ስታለቅስ አይቼ አንጀቴ ተቃጠለ። እሱስ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሲስተሙ በትክክል እየሠራ ነው።» እንዲህ ያለ የተረጋጋ ሰው ከየት ይገኛል?

በይ፣ ሥራ አስፈታሁሽ። ከእሱ ተማሪ፣ አደራ። እኔማ ሁሌ እጸልይለታለሁ። ቤት ሠርቶ ሊያገባ ነው አሉ... እሰይ! እሱ የፍቅርተን ቦታ እንደጠበቀላት፣ እግዜርም ቤቱን፣ ትዳሩን... ልክ እንደዚያው አድርጎ ይጠብቅለት። አሜን በይ እንጂ!