ከእናቱ መደብ የመጣው አፈር

ሄሎ... አቤት፣ ላቦራቶሪ ነው። ዝላታ ነኝ... ትራይቼ? እረፍት ላይ ሆነህም ሥራ ቦታ ትደውላለህ?... ምነው አሳለህ?... እህ፣ ለአይቫሩ፣ ለክረምቱ ድልህ፣ በርበሬ እየጠበሳችሁ ነዋ። — ቬስና፣ ሬዲዮውን ቀንሺልኝ፣ ትራይቼ ነው። —

እኔም ልደውልልህ ነበር። ሁለት አፈር ነው የሰጠኸኝ አይደል? አንዱ ከእርሳስ ብረት ማቅለጫው ግቢ፣ አንዱ ለማወዳደሪያ፣ ንጹሕ የተባለው... አዎ፣ እሱ። እርሳስ የጨመርንበት ሳህን ላይ እርሳስ የለመደ ባክቴሪያ ብቻ ነው የሚያድገው፤ ከንጹሑ አፈር ምንም መብቀል አልነበረበትም... በቀለ፣ ትራይቼ። ሳህኑን ሞላው።

አላቀያየርኩም... ሦስቴ ደገምኩት እኮ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ሳህን ተምታቶብኝ ያውቃል?... መለያ ምርመራውንም ሠራሁ፤ ፐርኦክሳይድ ጠብ ሳደርግበት አረፋ ደፈቀ፣ ስኳሩን አልነካም፣ አረንጓዴው ቱቦ ሰማያዊ ሆነ። ማቅለጫው ግቢ ያገኘነው ባክቴሪያ ነው፣ ቁርጥ እሱን። ደነገጥኩ ስልህ...

እኔም አፈሩ ራሱ ይሆን እንዴ ብዬ በማሽን አስለካሁት... ውጤቱ ዛሬ ጠዋት መጣ። እርሳስ ነው። መጠኑ ከማቅለጫው ግቢ እኩል።

ከየት ነው የቆፈርከው?... የት አልክ?... የእናትህ ጓሮ? የበርበሬው መደብ?... አይ አንተ ሰው። ንጹሕ ቦታ ሲባል የእናትህ ጓሮ ታየህ?... እሺ፣ እሺ። የገዛ ቤቱን አፈር ማን ይጠረጥራል።

ቆይ፣ አባትህ ምን አደረጉ?... ማቅለጫው የሚጥለውን ጥቁር አሸዋ?... በጋሪ?... ጥቁር ነገር ፀሐይ ይይዛል፣ ችግኙን ያሞቃል ብለው... ሰፈሩ በሙሉ?... ኧረ የሰው ያለህ። — ቬስና፣ ወንበር ስጪኝ እስቲ። —

ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? ድስቱን አውርዱት... ለእናትህ ስጠኝ... እትዬ ኒኮሊና፣ እንደምን ዋሉ... አውቃለሁ፣ አርባ ጠርሙስ ነው፣ ድካሙን አውቃለሁ... አይ፣ ቢንተከተክም አይወጣም፤ እርሳስ በእሳት አይሞትም... እሱስ ይጣፍጣል፣ ጣዕሙ ምንም አይናገርም... ማን ቀመሰች?... ኢስክራ... ሁልጊዜ የመጀመሪያው ማንኪያ ለልጅ ልጅ ነው። አዎ፣ እኛም ቤት እንደዚያው ነው...

አሸዋውን መቼ ነው ያመጡት፣ እትዬ?... እሷ የተወለደች ዓመት...

ስንት ሆናት?... ስድስት።

አያልቅሱ፣ እትዬ። ማን አወቀ... ለትራይቼ ይስጡልኝ... ትራይቼ፣ ለልጅህ ጫማዋን አድርግላትና ይዘሃት ና፣ ደሟ ይመርመር። ሆስፒታሉ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ... ነገ አይደለም። አሁን። ስልኩን ዝጋው።