በባሌ ስም የሚሠራው ሰው

ሄሎ... አቤት፣ ማን ልበል?... እሱ የለም፣ ስልኩን ያነሳሁት ሚስቱ ነኝ። ሐኪም ቤት ተኝቷል። ትናንት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወደቀ፣ ይኸው እስካሁን ራሱን አያውቅም... አሜን። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ነህ?...

ቆይ፣ ድምፅህ ይቆራረጣል። የሱን ሥራ የምሠራው እኔ ነኝ ነው ያልከኝ?... ሌላ አገር ሆነህ?... ተሳስተሃል ወንድሜ። ባሌ እኮ ሁልጊዜ እዚህ ጓዳ በሩን ዘግቶ ነው ሒሳቡን የሚሠራው። እኔም «አባታችሁ ሥራ ላይ ነው» እያልኩ ልጆቹን ዝም ሳሰኝ...

— የኔ እናት፣ እህትሽን ይዘሽ ውጪ። በሩንም ዝጊው።

እየሰማሁህ ነው... እጁ? እጁ ምን ሆነ?... ጣቶቹ አልታዘዝ ካሉት ዓመት አለፈው? ከዚያ ወዲህ እየከፈለህ አንተ ነህ የምትሠራለት? ኩባያ ሲያመልጠው «ሐሳቤ ሌላ ጋ ሄዶ ነው» ነበር የሚለኝ። ለማያውቅህ ለአንተ ነግሮ ለኔ... አይ፣ አላለቅስም። ቀጥል።

ዛሬ ጠዋትም ሥራ ላክህ? በሱ ስም?... ወይኔ ጉዴ። እኔ እኮ ትናንቱኑ ለአለቃው ደውዬ ራሱን ስቷል ብያለሁ። በገዛ አፌ አሳበቅኩበት... አንተማ በምን ታውቃለህ፣ ማን ነግሮህ... ከመሥሪያ ቤቱ «ማን ነህ?» ብለው ጻፉልህ? ምን መለስክ?... እንዳትጠፋ እባክህ። የሕክምናውን ወጪ የሚሸፍኑት እነሱ ናቸው፤ ካባረሩት በምን አሳክመዋለሁ? ሄሎ... ትሰማኛለህ?

እዚህ ላይ ሌላ ስልክ እየገባ ነው... እነሱ ናቸው፣ አለቃው ነው። ምን ልበለው?... አንተስ? ያንተም እንጀራ አይደል?... ልጆች አሉህ?... እግዜር ያሳድግልህ።

በቃ፣ ሐቁን እነግረዋለሁ። ሰንፎ አይደለም፣ እጁ ከድቶት ነው እላለሁ። ሥራው አንድ ቀን እንኳ አልተጓደለባችሁም እላለሁ። አንተንም አልክድህም። ከዚያ ወዲያ ያደረጉትን ያድርጉን።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ተርፎ ከደወለልህ፣ የእጁን ነገር ማወቄን እንዳትነግረው። በራሱ አፍ ይንገረኝ... እሺ ወንድሜ። ልዝጋው፣ አሁንም እየጠራ ነው።