ጭኔ ላይ ያረፈው ቅርጫት

ሰምታችሁ እንዳትስቁብኝ። እኛ የአዳማ ልጆች በቅጽል ስም ገብተን የምንተራረብበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አለን። እዚያ ውስጥ «ቀይ ሽንኩርት» ብሎ ራሱን የሰየመ አንድ ሰው አለ፤ በተረብ የሚችለው የለም። እኔ ላይ ሙድ ሳይዝ የሚውልበት ቀን ስለሌለ፣ «አንተ ጎረምሳ፣ አንድ ቀን አግኝቼህ ጆሮህን ባልጎትተው!» ስለው ነው የኖርኩት።

ባለፈው ከደራ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት «እስቲ ያዝልኝ ልጄ» ብለው በጨርቅ የተሸፈነ ትልቅ ቅርጫት ጭኔ ላይ አሳረፉት። እምቢ አይባል ነገር። ገና ከደራ ሳንርቅ እግሬ ደነዘዘ። ስልኬን አወጣሁና ግሩፑ ላይ ጻፍኩ፦ «ወገን፣ ከደራ እየመጣሁ ነው። አንዲት እናት ድንጋይ የሞላ ቅርጫት አሸክመውኛል። አዳማ ካልደረስኩ እንዳትረሱኝ።»

ሁሉም ሳቀብኝ። ወዲያው ቀይ ሽንኩርት መለሰ፦ «ድንጋይ አይደለም፣ እንቁላል ነው። እግርህን አታወዛውዝ።»

ቀስ ብዬ ጨርቁን ገለጥ አደረግኩት። እንቁላል ነው። ዞር ስል እናትየዋ ስልካቸውን እንደያዙ በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ፤ ትከሻቸው ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«እማማ... ቀይ ሽንኩርት?» አልኳቸው።

«አቤት» አሉና ነጠላቸውን ከጆሯቸው ላይ ገለጥ አድርገው ወደ እኔ ዘንበል አሉ። «በል ጎትት። ቅርጫቱን ግን በአንድ እጅህ ደህና አድርገህ ያዝ።»