ለሕያው የተነፋ ጥሩምባ

ጋሽ እሸቴን ራስ መኮንን ድልድይ ላይ አገኘናቸው። የዶሮ ማነቂያ እድራችን ዳኛ ናቸው፤ ጥሩምባውን በጋቢያቸው ሸፍነው ይዘዋል። አብራኝ የነበረችው ስድስት ኪሎ ፖለቲካ የምታስተምረው ጎረቤቴ ጽዮን ናት።

«ደግሞ ማን ሞተ?» አልኩ ደንግጬ።

«ማንም። ሌላ ነፊ ፍለጋ ወጥቼ ነው።»

ነፊያችን ሐዱሽ ኩላሊቱን ታሞ ተኝቷል፤ እጥበቱ በገንዘብ እጦት ሊቋረጥበት ነው። የስንቱን ሞት ያረዳንን ሰው፣ ቤተ እምነት ቀየረ ብሎ እድሩ ሰርዞታል። እኔን ይኼ ያንገበግበኛል።

«ሌላ ከመፈለግ እሱን ብታሳክሙት አይሻልም፣ ጋሼ?» አለች ጽዮን።

«እድር ለቀብር ነው፣ ልጄ። ደግሞስ ከእኛ ወጥቶ የእኛን እጅ ይጠብቃል? መጀመሪያ ይመለስ።»

«እርስዎም በደርግ ጊዜ የቀበሌ ስኳር ተከልክለው ነበር አሉ» አለች ጽዮን።

ፊታቸው ጠቆረ። «ስብሰባ ትቼ ቅዳሴ ሄድኩ ብለው። ልጄን ተቅማጥ ይዟት፣ ሐኪሙ ውሃ በጨውና በስኳር አጠጧት ብሎን ነበር፤ ስኳሩን ግን ከለከሉን። እስካሁን ያቃጥለኛል።»

«ታዲያ ሐዱሽ ላይ ያደረጋችሁት በምን ይለያል?»

ጋሽ እሸቴ ቀጥ ብለው ቆሙ። መንገደኛው እየገፋቸው ያልፋል።

«እና ምን ይሁን ነው የምትይው? ያኔ ራሽን ነበረ፣ መናገር አልነበረም። ኋላ ነጻ ናችሁ ተባልን፤ የታመመን ግን ዞር ብሎ የሚያይ ጠፋ።»

«ሁለቱም ይኑሩ ነው የምለው። ሰው እንደ ሕሊናው ይኑር፤ ሲወድቅም እምነቱ ሳይጠየቅ ይደገፍ። ማኅበራዊ ሊበራሊዝም የሚሉት በአጭሩ ይኸው ነው። መደገፉ የመንግሥት ሥራ ነው፤ ግን እድርስ ምን ይከለክለዋል? መድኃኒት ላጣ ሰው ነጻነት ምኑ ነው? እምነት አስጥሎ የሚሰጥ መድኃኒትስ ከዚያ ስኳር በምን ይሻላል?»

ጋሽ እሸቴ ፊታቸውን ወደ ሰፈር አዞሩ። ተከተልናቸው። ሐዱሽ ደጃፍ ስንደርስ ጥሩምባውን አውጥተው ነፉ። አያውቁበትም፤ ድምፁ ተሰባበረ። ሰፈሩ ግን ግልብጥ ብሎ ወጣ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ድንኳን ሊያወጡ።

«ማን ሞተ?» ይላል ሁሉም።

«ማን ሞተ?» አለ ከውስጥ የሐዱሽ ደካማ ድምፅ።

«ማንም አልሞተም» አሉ ጋሽ እሸቴ። «ገና ስላልሞተ ነው የጠራኋችሁ።»

እዚያው ደጃፍ ላይ ተወሰነ፤ የተሰረዘ ይመለሳል፣ የታመመ አባል ይታከማል፣ የትም ያምልክ፣ ከማንም ጋር ይኑር። ያገባችው ሰው ከእምነታችን ውጭ ነው ተብላ የተሰረዘችው ምኞትም በማግስቱ ልጇን ታቅፋ መጣች። ማንም ምንም አልጠየቃት።

የሐዱሽን ፊት ሳይ ግን ዘግይተናል ብዬ እፈራለሁ። ቢሆንም ያን ቀን ድንኳኑ ሳይወጣ ዋለ።