ወይዘሮ ሃጂራ ከዱባይ ያልተመለሱበት እሁድ

የምስክር ሙሉ ስም፦ አልፊያ ጀላል ሙዘይን
ዕድሜ፦ 33
የጋብቻ ሁኔታ፦ ያገባች፣ የአንድ ልጅ እናት
ሥራ፦ መጋረጃ ስፌትና ሽያጭ
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ዘነበወርቅ
ቃል የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ረቡዕ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ኢንስፔክተር ደግፌ ወዬሳ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተገለጸው ምስክር ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ወደ ጣቢያው መጥቼ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። የመጣሁት ከሰኞ ጀምሮ እዚህ ታስራ የምትገኘው ወ/ሮ ማራኪ ሀብተማርያም በተጠረጠረችበት ነገር እጇ እንደሌለበት ስለማውቅ ነው። ማራኪ የወላጆቼ ጎረቤትና የእኔ ጓደኛ ናት። ከዱባይ ልብስ እያመጣች ትሸጣለች።

ታናሽ እህቴ ሰልዋ በመጪው ኅዳር ስለምታገባ ለሰርጉ የሚሆን ዕቃ ለመግዛት አርብ ጥቅምት 7 ቀን ጠዋት አራት ሆነን ወደ ዱባይ ሄድን። እኔ፣ ሰልዋ፣ ማራኪ እና የ56 ዓመቷ እናታችን ወ/ሮ ሃጂራ ነበርን። ሐሳባችን ገበያ ልንዞር፣ ደህና ደህና ምግብ ልንበላና እሁድ ልንመለስ ነበር። እናቴ ከዚያ በፊት ከአገር ወጥታ አታውቅም። ቪዛውን ያስጨረሰችልን ማራኪ ስትሆን የአራታችንም ፓስፖርት የተቀመጠው እኔ ጋ ነበር።

ዴይራ በሚባለው ሰፈር ሆቴል ይዘን ገበያ ወጣን። ሰልዋ የአልጋ ልብስና የሙሽራ ጫማ ገዛች። ወደ 11፡00 ሰዓት ገደማ አንድ የየመኖች ምግብ ቤት ገባን። ማራኪ ቀኑ አርብ ስለሆነ ፉል ብቻ አዘዘች። እናቴ ከእኛ የተረፈውን እንደምትበላ ስትናገር ማራኪ «እትዬ ሃጂራ፣ ዛሬ እንግዳዋ እርስዎ ነዎት፤ ይዘዙ እንጂ» ብላ ሥዕል ያለበትን የምግብ ዝርዝር ሰጠቻት። እናቴ ብዙ አየችውና በጣቷ ዓሣ ነካች። የመጣላትን ማንም ሳይነካባት ጨረሰችው። አስተናጋጁ ሳህኖቹን ሊያነሳ ሲመጣ ልታግዘው ብድግ ስትል እጇን ይዤ አስቀመጥኳት።

ቅዳሜ አንድ ትልቅ የገበያ ሕንፃ ውስጥ እያለን የእናቴ የልጅነት ጓደኛ መጥታ አገኘቻት። ይህች ሴት እዚያ አገር ምግብ እያበሰለች ስትኖር ብዙ ዓመቷ ነው። እኛ ከሱቅ ሱቅ ስንዞር እነሱ አይስክሬም ይዘው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስንመለስም እዚያው ነበሩ። የሴትየዋን ስም እንድናገር ተጠይቄ አልተናገርኩም።

በእናቴና በአባቴ መካከል ጠብ ነበር ወይ ተብዬ ስጠየቅ ጠብ አልነበረም ብያለሁ። አባቴ አቶ ጀላል መቷትም ሰድቧትም አያውቅም። ወንድሜ ኢርፋን ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በ19 ዓመቱ፣ በየመን በኩል ሳዑዲ ሊገባ ሲል ባሕር ላይ ሞተ። እናቴ መሄዱን ታውቅ ነበር። ስንቁን ቋጥራ የሸኘችውም እሷ ናት፤ ለአባቴ ግን አልነገረችውም። የሞቱ መርዶ ከደረሰን ቀን ጀምሮ አባቴ እናቴን አናግሯት አያውቅም። አንድ ቤት እየኖሩ፣ የሚፈልገውን ሁሉ «ለእናትሽ ንገሪያት» እያለ በልጆቹ በኩል ያስተላልፍ ነበር። እኔ ካገባሁ ወዲህ መልእክቱን የምታደርሰው ሰልዋ ነበረች።

እሁድ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት ላይ ሰልዋና ማራኪ ሻንጣ ሊያስመዝኑ ወደ ታች ወርደው ነበር። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «አልፊ፣ ፓስፖርቴን ስጪኝ» አለችኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «አልመለስም» አለች። የሰልዋ ሰርግስ አልኳት። «ሰልዋ ከወጣች በኋላ በእኔና በአባትሽ መሃል ማን አለ? ግድግዳውን ላናግር ነው?» አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ አላለቀሰችምም። ፓስፖርቱን አውጥቼ ሰጠኋት። በዚያን ሰዓት ምን ተሰማሽ ተብዬ ስጠየቅ፣ ምንም እንዳልተሰማኝና የሻንጣዬ ዚፕ እምቢ ብሎኝ እሱን እየታገልኩ እንደነበር አስረድቻለሁ። እናቴ መጥታ ሻንጣው ላይ ተቀመጠችልኝና ዚፑን ዘጋሁት። ከዚያ በሆቴሉ የጓሮ በር ወጥታ በጓደኛዋ መኪና ሄደች። እናቴ ዱባይ የቀረችው በዚህ ሁኔታ ነው።

ለሰልዋና ለማራኪ ጓደኛዋን ልትሰናበት ሄዳለች፣ አየር ማረፊያ ትመጣለች ብዬ ዋሸኋቸው። አየር ማረፊያ ደርሰን እናቴ ስትዘገይ ማራኪ ከአንዱ በር ወደ ሌላው እየሮጠች ስሟን ትጣራ ነበር። መግቢያው ሊዘጋ ሲል «እናንተ ሂዱ፤ እኔ ቆይቼ እፈልጋቸዋለሁ» አለች። ነገ ትመጣለች፣ ነይ እንግባ ብዬ ይዣት ገባሁ። አውሮፕላኑ ውስጥ ሰልዋ እስክንደርስ አለቀሰች። እኔ የቀረበልኝን ሩዝና ዶሮ በላሁ። አዲስ አበባ ደርሼ ስልኬን ስከፍት ከእናቴ በዱባይ ቁጥር የድምፅ መልእክት ገብቶ ነበር። «ደህና ነኝ። ለአባትሽ ንገሪው» ይላል። አልነገርኩትም።

ሰኞ ጠዋት አባቴ እዚህ ጣቢያ መጥቶ ማራኪ ባለቤቱን ወስዳ ለደላላ እንደሸጠችበት አመለከተ። ከሰዓት በኋላ ማራኪ ከሱቋ ተያዘች። ሰልዋ ደውላ ስትነግረኝ መጋረጃ እየሰፋሁ ነበር፤ የጀመርኩትን ጨርሼ ተነሳሁ። ዝም ያልኩት አባቴ እኔንም እንደ እናቴ እንዳያደርገኝ ፈርቼ መሆኑን አልክድም።

ትናንት ማክሰኞ ለማራኪ ምሳ ይዤ መጣሁ። «አልፊ፣ እትዬ ሃጂራ በሕይወት አሉ?» አለችኝ። «አሉ» አልኳት። «ተመስገን» ብላ መብላት ጀመረች። ከየት አወቅሽ አላለችኝም። ከጣቢያው ስወጣ በቀጥታ ወላጆቼ ቤት ሄጄ ለአባቴና ለሰልዋ ሁሉን ነገርኳቸው። ሰልዋ ክፍሏ ገብታ ዘጋች፤ እስካሁን አታናግረኝም። አባቴ የድምፅ መልእክቱን ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ከዚያ «ቁጥሯን ስጪኝ» አለ። ሳልጠይቃት እንደማልሰጠው ነገርኩት። ስጠይቃት «ይቆይ» አለች።

ፓስፖርቱን በእጄ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ማራኪ የምታውቀው ነገር አልነበረም። መልእክቱን ለመርማሪው አሰምቻለሁ። እናቴ ያለችበትን አድራሻ አውቃለሁ፤ እሷ ካልፈቀደች ግን አልናገርም። ይህ የሚያስጠይቀኝ ከሆነ እጠየቃለሁ።

የሰጠሁት ቃል በንባብ ተሰምቶልኛል። መርማሪው ሁለት ቦታ ላይ እናቴን «ጠፋች» ብለው ጽፈው ስለነበር «ቀረች» ተብሎ እንዲታረም ጠይቄ ታርሟል። አሁን ያልኩት ሁሉ እንዳልኩት ተጽፏል፤ እውነት ስለመሆኑ እፈርማለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ አልፊያ ጀላል
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ም/ኢንስፔክተር ደግፌ ወዬሳ